ማሽኑን ራሱን መጠየቅ፦ ከቴሌፕሪንተር እስከ ደብረ ማርቆስ ሱቆች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ጎሐ ጽዮንን አልፎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ መኪና ደጀን ሲደርስ የጎጃም ደጋ ይቀበለዋል። እስከ ደብረ ማርቆስ መንገዱ በጠቅላላው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመሐል ሀገር የሚላከው የሱቅ ዕቃ በዚሁ መንገድ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩም እንዲሁ። ከተማው ውስጥ ከሚሸጡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ አዲስ አይደሉም። ውጭ ሀገር በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዓመታት ቆይተው፣ ተጠርገውና ተወልውለው፣ ከእጅ ወደ እጅ አልፈው የደረሱ ናቸው። ተማሪው፣ ጸሐፊዋ፣ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቱ ለመግዛት ሲመጡ የሚያነሡት ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ኮር አይ ስንት ነው? ጀነሬሽኑስ? ራሙ ስንት ነው?» መልሱን ሻጩ ይሰጣል፤ ከኪቦርዱ አጠገብ የተለጠፈችው ስቲከርም ትመሰክራለች። ሦስተኛውን ምስክር ግን የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው። ሦስተኛው ምስክር ማሽኑ ራሱ ነው።

ጎጃም ውስጥ በቅሎ የሚገዛ ሰው የሻጩን ቃል ሰምቶ ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ዕድሜዋ እዚያ ተጽፏል። ኮምፒውተርም እንዲህ የሚከፈት አፍ አለው። በዊንዶውስ ሲኤምዲ የምንለው ጥቁር መስኮት፣ በሊኑክስ ደግሞ ተርሚናል የሚባለው ነው። እዚያ አንድ ቃል ተጽፎ ኢንተር ሲመታ ማሽኑ ስለ ራሱ ይናገራል፦ ፕሮሰሰሩ ማን እንደሆነ፣ ራሙ ስንት እንደሆነ፣ ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ፣ ከተነሣ ስንት ሰዓት እንደሆነው። ለዚህ ፕሮግራም መግዛት አያስፈልግም፤ ኢንተርኔትም አያስፈልግም። ይህን መጠየቅ ከኮምፒውተር ትምህርት ሁሉ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ። ማሽኑን መጠየቅ የማይችል ሰው ሁልጊዜ በሌላ ሰው ቃል ያድራል።

ጥያቄው የራሱ ረጅም ታሪክ አለው። በታሪኩ ውስጥም የእኛ ሰዎች አሉበት።

ከወረቀት የጀመረ ንግግር

ተርሚናል ስክሪን ከመሆኑ በፊት ወረቀት ነበር። አባቱ ቴሌፕሪንተር ነው፦ እንደ ጽሕፈት መኪና የሚመታ፣ የተመታውን በሽቦ ሩቅ ሀገር የሚልክ፣ የመጣለትንም በወረቀት ላይ የሚያትም መሣሪያ። በኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ቴሌፕሪንተር የመሥሪያ ቤት ዕቃ ሆነ። ችግሩ ፊደሉ ነበር። የተለመደው የቴሌፕሪንተር ኮድ በአምስት ቢት የሚሠራ ስለነበር 32 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ መቀያየሪያ ተጨምሮበት ደግሞ ወደ እጥፉ ይጠጋል። ለላቲን ፊደል ይበቃል። ሁለት መቶ አልፎ ለሚቆጠር ፊደል ግን የት ይደርሳል? ኢንጂነር አያና ብሩ ቀደም ብለው በጽሕፈት መኪና ላይ የታገሉትን ትግል፣ ኢንጂነር ተረፈ ራስ ወርቅ በንጉሡ ዘመን በቴሌፕሪንተር ላይ ታገሉት፤ አማርኛም በሽቦ ተልኮ በወረቀት ላይ መነበብ ቻለ። ስለ ኮምፒውተር ታሪካችን ሲወራ ይህ ሥራ እምብዛም አይነሣም። መነሣት ነበረበት፤ ዛሬ በሊኑክስ ማሽን ላይ ተርሚናሉ የሚታወቅበት አጭር መጠሪያ «ቲቲዋይ» ሲሆን፣ እሱም ቴሌታይፕ ከሚለው ከቴሌፕሪንተር ሌላ ስም የወጣ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 ዩኒክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጀምሩ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገሩት በዚህ ዓይነት መሣሪያ ነበር። ቴሌታይፕ 33 የሚባለው ሞዴል በሴኮንድ አሥር ፊደል ብቻ ያትማል፤ ቁልፎቹም ጠንካሮች ናቸው። የዩኒክስ ትእዛዞች ሁለትና ሦስት ፊደል ብቻ የሆኑት በዚህ ድካም የተነሣ እንደሆነ ይነገራል። የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ መጽሐፍ የወጣው ጥቅምት 23 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፤ ደብረ ማርቆስ ገና የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ማለት ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በዲስኩ ላይ የቀረውን ቦታ የሚናገረው «ዲኤፍ»፣ ቀንና ሰዓት የሚናገረው «ዴት»፣ ማን እንደገባ የሚናገረው «ሁ» ተዘርዝረዋል። ሦስቱም እስከ ዛሬ በዚያው ስማቸው ይሠራሉ። በቴክኖሎጂ ዓለም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሳይለወጥ የኖረ ነገር ብዙ የለም። ዛሬ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ላብ ተቀምጦ «ዲኤፍ» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ያን ጊዜ በወረቀት ላይ ይጠየቅ የነበረውን ጥያቄ ነው የሚጠይቀው።

ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ ሐሳብ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 ቶም ኪሊያን የተባለ የቤል ላቦራቶሪ ባለሙያ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም እንደ ፋይል ተከፍቶ የሚነበብበትን መንገድ አቀረበ። «ፕሮክ» የሚባለው ፎልደር የተወለደው እንዲህ ነው። ሊኑክስ ሐሳቡን ወርሶ አሰፋው። በሊኑክስ ማሽን ላይ በዚህ ፎልደር ውስጥ «ሲፒዩኢንፎ» የሚባል ፋይል አለ፤ ዲስክ ላይ ግን የለም። አንባቢ በከፈተው ቅጽበት የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ይጽፈዋል። ቀድሞ ተጽፎ የተቀመጠ ወረቀት ቢሆን ኖሮ ያረጅ ነበር፤ ይህ ግን በተጠየቀበት ሰዓት የሚሰጥ መልስ ነው።

ማሽኑ ራሱን እንዴት አወቀ?

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ጉዳይ ነውና። ኮምፒውተር ስለ ራሱ የሚያውቀው ተምሮ ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ስንት ራምና ስንት የፍሎፒ ማስገቢያ እንዳለው የሚነግረው ሰው ነበር፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች በጣት ወይም በእስክሪብቶ ጫፍ እያነሣና እያወረደ። ሰውየው ከተሳሳተ ማሽኑም ስለ ራሱ ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ኤቲ የተባለው ሞዴል ይህን መረጃ በትንሽ ባትሪ በምትኖር ማስታወሻ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረ። እንዲህ ያለች ባትሪ ዛሬም በአብዛኞቹ ዴስክቶፖች ውስጥ አለች። ሲአር 2032 የምትባለው፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ናት።

በዶስ ዘመን ኮምፒውተር የተማሩ ሰዎች «ቼክዲስክ» የሚለውን ትእዛዝ አይረሱትም። ሥራው ዲስክ መመርመር ቢሆንም መጨረሻ ላይ የማስታወሻውን መጠንም ያትም ነበር፦ 655,360 ባይት፣ ማለትም 640 ኪሎ ባይት። ብዙ ሰው የማሽኑን ራም ለማወቅ ዲስኩን የሚመረምረው ለዚህ ነበር። «ሜም» የሚለው ለዚሁ ሥራ የተለየ ትእዛዝ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ከዶስ 4 ጋር ነው።

ፕሮሰሰሩን ማወቅ ደግሞ ከዚህም ይከብድ ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊዎች በመላ ነበር የሚለዩት፦ አንዲት ቢት ለመለወጥ ይሞክራሉ፤ ከተለወጠች 486 ነው፣ አልለወጥም ካለች 386 ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢንቴል ከፔንቲየም ጋር «ሲፒዩአይዲ» የተባለ መመሪያ አመጣ። ከዚያ ወዲህ ፕሮሰሰሩ «ማን ነህ?» ሲባል በአሥራ ሁለት የላቲን ፊደል የአምራቹን ስም ይመልሳል። ኋላ ደግሞ ሙሉ የሞዴሉን ስም ከነቁጥሩ የሚናገር ሆነ። ይህ ስም በሲሊከኑ ውስጥ ያለ ነው። ስቲከር በምላጭ ተነሥቶ ሌላ ሊለጠፍ ይችላል፤ ይህን ግን ሱቅ ውስጥ የሚለውጠው ሰው የለም። በሊኑክስ «ኤልኤስሲፒዩ» የሚለው ትእዛዝ የሚያነበው ከዚያ የመጣውን መረጃ ነው።

ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ «ሲስተምኢንፎ» የሚለውን ትእዛዝ ይዞ መጣ፤ ስለ ማሽኑ በአንድ ጊዜ ገጽ ሙሉ መረጃ ያወጣል። ብዙዎቻችን ኮምፒውተር የለመድነው በዊንዶውስ ስለሆነ ይህን አንድ ቃል ማወቅ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። በሊኑክስ በኩል ደግሞ መረጃውን ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ምልክት ጋር በቀለም አስውቦ የሚያሳይ ኒዮፌች የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ተስፋፋ። የጻፈው ዲላን አራፕስ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራውን ዘግቶ ወደ እርሻ መግባቱን ጽፎ ተሰናበተ። ጎጃም ሆኖ ይህን የሚያነብ ሰው ውሳኔው የሚገርመው አይመስለኝም። ሌሎች ደግሞ «ፋስትፌች» በሚል ስም ተመሳሳይ መሣሪያ ይዘው ቀጥለዋል።

ፊደላችን በጥቁሩ መስኮት

ኢትዮጵያውያን ከኮምፒውተር ጋር መነጋገር ሲጀምሩ የመጀመሪያው ጥያቄ «ራምህ ስንት ነው?» አልነበረም፤ «ፊደሌን ታውቃለህ ወይ?» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፍስሐ አጥላው አሜሪካ ሆነው በዶስ ላይ የሚሠራ የአማርኛ መጻፊያ አወጡ፤ ዶክተር አበራ ሞላም ሞድኢት የተባለውን። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ማሽኑ 256 ምልክት ብቻ በሚያውቅበት ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ አዘጋጅ የራሱን የፊደል ቁጥር ስለተከተለ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ሴራ የተባለውን አጻጻፍ አቀረቡ፤ አማርኛን በላቲን ፊደል ወጥ በሆነ መንገድ ጽፎ በማንኛውም ተርሚናልና ኢሜይል መላክ የሚያስችል ነበር። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር ችግሩ ገና አልተፈታም ነበር። መፍትሔው በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ መጣ፦ ለዓለም ፊደላት ወጥ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል 345 ምልክት ይዞ ገባ።

ተርሚናል ግን ከዩኒኮድ በኋላም ሌላ ግድግዳ ነበረው። በድሮው የስክሪን ካርድ የጽሑፍ መስኮት ውስጥ በአንድ ጊዜ ሊታዩ የሚችሉት ምልክቶች 256 ናቸው፤ ሲለጠጥ 512። የእኛ 345 እና የላቲን ፊደልና ቁጥር አንድ ላይ ሲደመሩ በ512 ውስጥ ልክ ይገባሉ፤ ዋጋው ግን የሚታዩት የፊደል ቀለሞች ከ16 ወደ 8 መውረዳቸው ነው። ይህን ያሰሉ ሰዎች ነበሩ። በሊኑክስ የኪቦርድና ኮንሶል ጥቅል ውስጥ እስከ ዛሬ «ጎሐ» እና «ጎሐ ክላሲክ» የሚባሉ የግዕዝ ፊደላት ስብስቦች አሉ። በዓለም ላይ በየሰርቨሩ ይህ ጥቅል በተጫነበት ሁሉ፣ ማንም ባይጠራቸውም፣ ዲስኩ ላይ ተቀምጠዋል።

ከዚህ ታሪክ ጋር የጎጃም ስም የሚያያዝበት አንድ ጠባብ መንገድ አለ፤ ለእኔ ግን ትልቅ ነው። በደብረ ማርቆስ አካባቢ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጠብቀው የሚነበቡ ፊደላትን ከላያቸው ነጥብ እያደረጉ አመልክተዋል። ልማዱ አልተስፋፋም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ዩኒኮድ 4.1 ለማጥበቂያ ምልክት የራሱን ቁጥር ሰጥቷል። ነጥቧ ከፊደሉ ላይ የምታርፍ እንጂ የራሷ ቦታ የሌላት ስለሆነች ለተርሚናል ፈተና ናት። ተርሚናል ስክሪኑን እኩል በሆኑ ጠባብ ሳጥኖች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ ሳጥን የሚሰጥ ነውና። «ጬ» እና «ነ» እኩል ቦታ ይዘው ሲጨናነቁ ያየ ሰው የሐዲስን ነጥብ ችግር ለመገመት አይቸገርም።

በዊንዶውስም መንገዱ ረዝሟል። ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ከመጣ በኋላ በመስኮቶቹ አማርኛ ያለ ችግር መጻፍ ተቻለ፤ ጥቁሩ ሲኤምዲ ግን በአማርኛ የተሰየመን ፋይል ሲዘረዝር ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ማሳየቱን ቀጠለ።

ደጋው ላይ ሲጠየቅ

አሁን ወደ ደብረ ማርቆስ እንመለስ። እነዚህ ትእዛዞች በሁሉም ሀገር አንድ ቢሆኑም መልሳቸው የሚነበበው ግን ባሉበት ቦታ ነው።

ከ«ዴት» እንጀምር። የማዘርቦርዷ ባትሪ ደክማ መብራት የጠፋበት ዴስክቶፕ ሲነሣ ዕለቱን ይስታል። ፒሲ በተወለደበት ልማድ የዶስ ዘመን የሚቆጠረው ከታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው፤ ዩኒክስ ደግሞ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ሴኮንድ ይቆጥራል። ስለዚህ ቀኑ የጠፋበት ማሽን ብዙውን ጊዜ ወደ አንድ አሮጌ ቀን ይመለሳል። መዘዙ ሰዓት መሳሳት ብቻ አይደለም። ብሮውዘሩ የድረ ገጾችን የምስክር ወረቀት ከቀኑ ጋር ሲያነጻጽር ገና ያልወጣ ሆኖ ያገኘዋል፤ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋል። ተጠቃሚው ኔትወርኩን ይወቅሳል፤ አንዳንዱም ዊንዶውሱን ፎርማት ያስደርጋል። «ዴት» ብሎ መጠየቅና ትንሽ ባትሪ መግዛት ይበቃ ነበር። ሊኑክስ ላይ አማርኛን የመረጠ ሰው ይህን መልስ በግዕዝ ፊደል ያገኘዋል፤ የሳምንቱ ቀናት በእኛው ስም ይመጣሉ፣ ወሮቹ ግን «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ» ተብለው ነው። የዘመን አቆጣጠራችን ገና እዚያ አልገባም።

«አፕታይም» ማሽኑ ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይናገራል፤ «ላስት ሪቡት» ደግሞ የተነሣባቸውን ጊዜያት ይዘረዝራል። አውሮፓ ውስጥ ሰርቨር አስተዳዳሪዎች መቶዎችን ቀናት ቆጥሮ በሚያሳይ አፕታይም ይኮራሉ። በእኛ ከተሞች፣ ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕ ላይ፣ ያው ዝርዝር የመብራት መጥፋትና መምጣት መዝገብ ሆኖ ይነበባል። አንድ የኮሌጅ ላብ ኃላፊ ይህን ዝርዝር በየወሩ ቢያወጣ የዩፒኤስ ግዢ ጥያቄውን የሚደግፍበት ማስረጃ በእጁ ነው።

ዲስኩን ሲጠይቁ ሰዎችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። 500 ጊጋ ባይት ተብሎ የተገዛው ዲስክ 465 ብሎ ይመልሳል። ሻጭና ገዢ በዚህ ሲጣሉ ሰምቻለሁ። ማንም አልዋሸም። አምራቹ የሚቆጥረው በሺህ ብዜት ነው፤ ማሽኑ የሚቆጥረው በ1,024 ብዜት ነው። 500 ቢሊዮን ባይት በ1,024 ሦስት ጊዜ ሲካፈል 465 ከምናምን ይሆናል። ራምም 8 ተብሎ 7.6 ወይም 7.7 ቢል ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ከፊሉን ግራፊክሱና ከርነሉ አስቀድመው ወስደውታል። በ«ፍሪ» ትእዛዝ ውስጥ ደግሞ «ነጻ» የሚለው ቁጥር ትንሽ ሆኖ ሲታይ ራም አለቀ ማለት አይደለም። ሊኑክስ ያልተያዘውን ቦታ ለፋይል ማፋጠኛ ይጠቀምበታል፤ ሲፈለግ ይለቀዋል። መታየት ያለበት «ሊገኝ የሚችል» የሚለው ዓምድ ነው።

ያገለገለ ኮምፒውተር ለሚገዛ ሰው ግን ከሁሉም የሚበልጠው «ስማርትሲቲኤል» ነው። ሃርድ ዲስኮች በሥራ ላይ የቆዩበትን ሰዓት ራሳቸው እየቆጠሩ ይመዘግባሉ፤ የተበላሹ ክፍሎቻቸውንም እንዲሁ፤ ይህ ትእዛዝ ያንን መዝገብ ያነባል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ዲስኩ 26,000 ሰዓት ካለ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ሦስት ዓመት ያህል ሠርቷል ማለት ነው። ሻጩም ይህን ላያውቅ ይችላል፤ እሱም ከሌላ ሰው ነው የገዛው። ሊኑክስን በፍላሽ ይዞ ሱቅ መሄድና ከፍላሹ አስነሥቶ መጠየቅ ይቻላል፤ ማሽኑ ላይ ያለው ዊንዶውስ አይነካም። ኡቡንቱን የሚያዘጋጀው ድርጅት እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ አድራሻውን ለጻፈ ሁሉ ሲዲውን በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ኢንተርኔቱ ቀጭን ለሆነ ሀገር ያ ትልቅ ውለታ ነበር።

የጎጃም ደጋ የራሱ ጥያቄም አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የማሽን ማራገቢያ ሙቀትን የሚያወጣው በአየር ነው፤ የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ ይህን ይክሰዋል፤ አቧራ የሞላበት ማራገቢያን ግን አይክሰውም። በሊኑክስ «ሴንሰርስ» የሚለው ትእዛዝ የፕሮሰሰሩን ሙቀት በዲግሪ ይናገራል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ደግሞ ማንበቢያ ጭንቅላቱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በስሱ የአየር ንጣፍ ላይ ነው። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ማርቆስ ከዚያ በታች ናት፤ ወደ ጮቄ ወገብ ሲወጣ ግን መስመሩ ይታለፋል፤ ጫፉ 4,100 ሜትር ይደርሳል። በጮቄ ዙሪያ ላለ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ ኮምፒውተር የሚመርጥ ሰው የሚሽከረከር ክፍል የሌለውን ኤስኤስዲ እንዲመርጥ እመክራለሁ። ማሽኑ የያዘው የትኛውን እንደሆነ ደግሞ «ኤልኤስቢኤልኬ» ይነግረዋል።

ምስክሩ የሚሳሳትበት ጊዜ

ማሽኑ የሚለው ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። የማዘርቦርዱን ስምና መለያ ቁጥር የሚያወጣው «ዲኤምአይዲኮድ» የሚያነበው አምራቹ በባዮስ ውስጥ የጻፈውን ሰንጠረዥ ነው። በየሱቁ በተገጣጠሙ ርካሽ ዴስክቶፖች ላይ በስሙ ቦታ «በአምራቹ የሚሞላ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ይወጣል፤ የሚሞላው ሰው ሳይሞላው ዓለምን ዞሮ ደጋው ላይ ደርሷል። ከዚህ የሚከፋው ሐሰተኛ ፍላሽ ነው። 8 ጊጋ ባይት ብቻ የሚይዝ ፍላሽ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ 128 ነኝ እንዲል ተደርጎ ይሠራል። ማሽኑ ተጠይቆ 128 ቢል አልዋሸም፤ የተነገረውን ነው የተናገረው። ሐሰቱ የሚገለጠው ሙሉውን ጽፎ መልሶ በማንበብ ብቻ ነው። ለዚህም «ኤፍ3» የሚባል የትእዛዝ መሣሪያ አለ። የመመረቂያ ጽሑፉን በእንዲህ ያለ ፍላሽ ያስቀመጠ ተማሪ ኪሳራውን የሚያውቀው ፋይሉ በሚፈለግበት ቀን ነው።

ጥያቄው የሚጠየቅበት ጊዜ

ይህ ሁሉ አሁን የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉ ፕሮሰሰሮችን፣ ከዚያም ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸና፣ በሞጣ፣ በደጀን ሱቆችና ቢሮዎች የሚሠሩት ስንቶቹ ያሟላሉ? ይህን ማወቅ ከግምት የሚያልፈው ማሽኖቹ ሲጠየቁ ነው። ከሞዴሉ ቁጥር ፊት ያለው አሐዝ ጀነሬሽኑን ይናገራል፦ አይ5-6300 ስድስተኛ ነው፣ አይ5-8250 ስምንተኛ። የማያሟሉት ማሽኖች ቆሻሻ አይደሉም፤ ሊኑክስ ተጭኖባቸው ገና ዓመታት ይሠራሉ። ምርጫው ግን የማሽኑን ማንነት ለሚያውቅ ሰው ነው የተከፈተው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናን ጀምሯል። መልካም ሥራ ነው። ሥልጠናው ግን በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ወጣቱ የሚማርበት መንገድ በእጁ ያለው ማሽን ብቻ ነበር። ተርሚናል በዚያ ጊዜም ይሠራ ነበር። ሊኑክስ የእያንዳንዱን ትእዛዝ መመሪያ አብሮ ይዞ ይመጣል፤ «ማን» የሚለውን ጽፎ የትእዛዙን ስም ማስከተል ይበቃል። ያለ ኔትወርክ፣ ያለ ገንዘብ፣ ያለ ፈቃድ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ ብዙ ቋንቋዎች ሲተረጎም አማርኛ ገና ከነሱ መካከል አልተቆጠረም።

ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ ተምረው ለሲኦሲ የሙያ ብቃት ምዘና የሚቀመጡ ልጆች በየዓመቱ ከደብረ ማርቆስ ይወጣሉ። ዩኒቨርሲቲውም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሲያስተምር ቆይቷል። አማርኛን አጥብቀው የሚያውቁ መምህራን አሉ፤ ተርሚናልን የሚያውቁም አሉ። «ዲኤፍ»፣ «ፍሪ»፣ «ኤልኤስሲፒዩ»፣ «አፕታይም»፣ «ዴት» እና «ስማርትሲቲኤል» ተብለው ስድስት ትእዛዞች ይመረጡ። የስድስቱ መመሪያ በአማርኛ ተጽፎ፣ የጎጃም ምሳሌ ገብቶበት፣ ከከፍታውም ከመብራቱም ከባትሪዋም ጋር ተገናኝቶ ይዘጋጅ። ሥራው ለአንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት ቡድን የሚከብድ አይደለም። ፋይሉ ከጥቂት ኪሎ ባይት አይበልጥም፤ በፍላሽ ከላብ ወደ ላብ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቢቸና ይሄዳል፤ ከሊኑክሱ ጋር ሲጫን «ማን» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ በአማርኛ ይመልሳል።